የጋሽ አብዱልጀባር ቀጋ

ሱሀይላ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷን ይዛ ሀብት ፍለጋ ትወጣለች። ሀብቱ የላስቲክ ሣጥን ነው። አንዱ ጫካ ውስጥ ይደብቀውና ቦታውን በስልክ ያሳውቃል፤ ሌላው ካርታውን ተከትሎ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ለዚህ ብሎ ጫማ የሚጨርስ ሰው አለ ወይ? የቦሌ ቢሮዎች በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሞልተዋል።

አባቷ ጋሽ አብዱልጀባር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን ይኖራሉ። አርባ ዓመት በወሎ መንገድ አውቶቡስ ነድተዋል። ዳገት ላይ አበባ ካዩ መኪናውን አቁመው ይወርዱ ነበር፤ ተሳፋሪው እያጉረመረመ ይጠብቃል። የዓይን ሞራ ብርሃናቸውን ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆነ። ከዚያ በፊት ሱሀይላ የምትመጣው ለኢድ ብቻ ነበር፤ ያኔም ስልኳን እያየች ነው። ይህን ስታስብ ታፍራለች።

መስከረም ላይ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ጫካ ሣጥን ስትፈልግ እጇን እሾህ ወጋት።

«ምን ነካሽ?» አሉ አባቷ።

«እሾህ ነው። ነጭ አበባ አለው፣ አምስት ቅጠል።»

ጋሽ አብዱልጀባር እየዳበሱ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ቀጋ! የአገራችን ጽጌረዳ እኮ ነው ልጄ! እዚህ ከተማ የተረፈ አልመሰለኝም ነበር።»

ያን ቀን ሣጥኑ አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ የፈለገውም አልነበረም።

ጥቅምት ላይ የዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ቀን ደረሰ። ሱሀይላ ስብሰባ አለብኝ ስላለች ጎረቤታቸው መኩሪያ ወሰዳቸው። ከሥራ ወጥታ ስትደርስ ጥቁር መነጽር አድርገው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዴት ሆነ አባባ?»

«አልሆነም ልጄ።»

«ሐኪሞቹ ምን አሉ?»

«ተይው እስቲ። ቅዳሜ ትመጪያለሽ?»

«እመጣለሁ» አለች። በቀኑ ያልነበረች ልጅ ከዚህ በላይ ለመጠየቅ ፊት አጣች።

ቅዳሜ ሲወጡ ዶዘር ቀድሟቸዋል። ጫካው ተመንጥሮ፣ ቀጋው የነበረበት ቦታ ቀይ አፈር ሆኗል። ሱሀይላ ክው ብላ ቆመች። አባቷ ክንዷን ይዘዋል። እውነቱን መንገር አልሆነላትም።

«ቀጋው እንዳበበ ነው አባባ» አለች።

መነጽራቸውን አስተካክለው «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከቦሌ አበባ መሸጫ አንድ ጽጌረዳ ገዝታ በቦርሳዋ ያዘች። ነጭ ስላልነበረ ቀይ ነው የገዛችው። ቀይ አፈሩ ላይ ቆማ አፍንጫቸው ሥር አደረገችላቸው። የሱቅ አበባ ሽታ እንደሌለው የታወሳት ያኔ ነው።

«ነጭ ነው» አለች። «እንደ ወተት።»

ጋሽ አብዱልጀባር ረጅም ጊዜ አሸተቱ።

«የዘንድሮው ልዩ ነው» አሉ።

እንዲህ እያለ አራት ቅዳሜ አለፈ። ሱሀይላ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ሐምራዊ አበባ እየፈጠረች ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ስሙን እየነገሩ አመሰገኗት። ዓይነ ስውር አባቷን የምታታልል ልጅ ሆና ራሷን ጠላች።

በአምስተኛው ቅዳሜ ደረጃው ላይ መኩሪያን አገኘችው።

«ያ ኮረብታ ቤት ሊሠራበት ነው አሉ» አላት። «ለአባትሽም ነግሬያቸዋለሁ።»

እንግዲህ አባቷ ውሸቷን ያውቃሉ ማለት ነው። አባቷን ይዛ ወጣች። አንድ የቱቦ ቦይ ጋ ሳትነግራቸው ቆሙ፤ ከዘራቸው አግኝቶት ይሆናል። ተሻግረው ቀይ አፈሩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ አብዱልጀባር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሱሀይላ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። ብዙ ቀን ሲከነክነኝ ነበር።»

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ!» ብላ አቋረጠቻቸው። «አውቃለሁ፣ መኩሪያ ነግሮዎታል። ቀጋው የለም። ምንም አበባ የለም፤ ሁሉንም ዶዘር መንጥሮታል። ያሸተቱት የሱቅ ነው፤ ነጭም አይደለም። ማየት አይችሉም ብዬ ዋሸሁዎት። የእኔ ቢጤ ልጅ ከሚወልዱ…»

እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች።

ጋሽ አብዱልጀባር ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው መሐረባቸውን አወጡ።

«ነይ እስቲ ልጥረግልሽ» አሉ። «ኩልሽ ጉንጭሽ ላይ ወርዷል።»