ማዶ ያለው ባዶ ቤት

ሰዓት ሠሪው ቀናተኛ ነበር። ቀናተኛ ሲባል እንዲሁ ቀናተኛ እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቱ ትከሻ ላይ ዝንብ ብታርፍ ወንድ ትሁን ሴት ሳያጣራ አያባርራትም። ሚስቱ መስታወት ፊት ከቆየች መስታወቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። አንዴማ ነፋስ ቀሚሷን ነካ ብሎ መስኮቱን በምስማር ጠርቅሞታል። በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ወንድ በቤቱ በር ገብቶ ሚስቱን እንዳይወስድበት።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች ግማሾቹ ሰው የለባቸውም። ከሰዓት ሠሪው ቤት ማዶ ያለውማ ጣሪያው ከመጉበጡ የተነሳ እርግቦች እንኳ ተራ እየጠበቁ ነበር የሚያርፉበት። በዚያ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ በመኪና ድምፅ ማጉያ አስለፈፈ። «ባዶ ቤት ያለው ይግባበት፤ የማይገባበት ያከራይ፤ የማያከራይ ለእኛ ያስረክብ! አድሰን ቤት ለሌለው እንሰጣለን፤ በኪራዩ ውሃና አስፋልት እናስገባለን!»

«መጀመሪያ ጭቃውን መዝግቡት፤» አለ መንገድ ዳር የሚሠራው ጫማ ሰፊ። «ከሁላችንም በፊት የገባ ነዋሪ እሱ ነው።»

ሰፈሩ ሳቀ። ከዚያ መሃንዲሱ መጣ። ወጣት፣ መለሎ፣ ጥርሱ በረዶ የመሰለ። ሜትሩን ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። ሌላው ቤት በር ላይ ቆሞ ጠየቀ፤ ሰዓት ሠሪው ቤት ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሚስቲቱም ሳቀች። ሰዓት ሠሪው ሳቋን ከሱቁ ሆኖ ሰማው።

«ምን ፈልጎ ነው?»

«ቤት እየመዘገበ ነው።»

«ቤት ሲመዘገብ ይሳቃል?»

«ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው ቢለኝ፣ ባሌ ሆዱን ይዞ ሲገባበት ባየህ አልኩት።»

«ከእንግዳ ሰው ጋር ሆዴን ታወሪያለሽ?»

«በአባቴ ቤት ያሻኝን አወራለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቅናትህ መጨረሻው አያምርም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ጠዋት ሻንጣውን አነሳ።

«አጎቴ ታሟል። አገር ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«የትኛው አጎትህ? የቀበርነው?»

«ሌላኛው።»

 ሚስቲቱ ገብታ ሹራቡን አመጣች። «እንካ። ብርድ አለ። የደም ብዛት መድኃኒትህንም እንዳትረሳ።»

ሰዓት ሠሪው የመንገዱን ጥግ እንደታጠፈ በጓሮ ዞረና በተሰበረው የኋላ በር ማዶ ካለው ባዶ ቤት ገባ። ከመስኮቱ ሳንቃ ጀርባ ጎዝጉዞ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን የሰዓት ጥርስ ሲያይ የኖረ ዓይን ነውና፣ በቤቱ ደጃፍ ጉንዳን ብታልፍ ጺሟን ያይ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሚስቱ የተከደነ ሳህን ይዛ መንገዱን ተሻገረችና ባዶው ቤት ደፍ ላይ አኖረችው። በማግስቱም እንዲሁ።

«ለማን ነው እቴ?» አላት ጫማ ሰፊው።

«ለድመት። እዚህ ገብታ ተደብቃለች፤ ሆዴ አልችል አለ።»

ሰዓት ሠሪው እጁን በበሩ ስንጥቅ አሾልኮ ሳህኑን አስገባ። ጨው የለውም። ለደም ብዛቱ ተስማማው። እየጎረሰም ተንገበገበ። «ለድመት እንዲህ የምትራራ፣ በእኔ ላይ ጨከነች!» በድመቷም ቀና።

መሃንዲሱ መመላለሱን አላቆመም። አንድ ቀን ቀለም ቀቢ አስከትሎ መጣ። በሌላ ቀን የሚስቲቱ እህት ጋሪ ይዛ መጥታ አልጋውን አስጫነች።

ሰዓት ሠሪው የሹራቡን እጅጌ በንዴት እያኘከ እስከ ክርኑ በላው። «ቤቱ ተቀባ፣ አሮጌው አልጋ ወጣ። ለአዲስ ባል አዲስ አልጋ! ብቻ አንድ ጊዜ እጅ ከፍንጅ ልያዛቸው።»

መጋረጃው ወረደ። መስታወቱም ወጣ።

አንድ ጠዋት ሚስቲቱ ጃንጥላዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ወደ ባዶው ቤት ቀና ብላ ዓይኗን በመሐረብ ነካ አደረገች። «አቧራ ገብቶባት ነው፤» አለ በልቡ። እሷ ጥጉን ታጠፈች። ወዲያው መሃንዲሱ እያፏጨ ደረሰ፤ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ፤ በሩን ከፍቶ ገባ።

የሰዓት ሠሪውን የገዛ ራሱን በር! እንደ ባለቤት በቁልፍ!

የሰዓት ሠሪው ደም እንደ ወተት ገነፈለ። ከጣሪያው አንድ ማገር ነቅሎ፣ ሳንቃውን ገንጥሎ፣ አቧራ ለብሶ መንገዱን በሁለት ዝላይ ተሻገረ። ጫማ ሰፊው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ።

ቤቱ የቀለም ሽታ ብቻ ነበር። አልጋ የለም፣ ወንበር የለም፤ የገዛ ኮቴው ከግድግዳው እያስተጋባ ተመለሰበት። ጥግ ላይ በጓሮ በር የገባች አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ተጠቅልሎ በታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ድስት ተሸክሞ ቆሟል። መሃንዲሱ አዲሱን የውሃ ቧንቧ እየከፈተ ያሳያቸዋል።

«ሚስቴ የት አለች?» ብሎ ጮኸ ሰዓት ሠሪው። «ይሄ የእኔ ቤት ነው!»

መሃንዲሱ ቧንቧውን ዘጋና በትሕትና ዞረ።

«ተሳስተዋል ጋሼ፤ የእርስዎ ቤት ማዶ ያለው ነው፤ እትዬ ይሄን አስረክበውን ከመሄዳቸው በፊት፣ ባለቤቴ የሚኖረው እዚያ ነው ብለው በስምዎ አስመዝግበውልዎታል።»