ግዛው ሲጣራ

ግዛው በስትሮክ አንደበቱ ከተዘጋ ወዲህ የሚናገረው ሐኪሞች ጭንቅላቱ ውስጥ በተከሉለት መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ሐሳቡን ያነብና በሕግ በጸደቁት የሕክምና ቃላት ብቻ ይናገርለታል።

ባለቤቱ ስንዱ ልትጠይቀው በገባች ቁጥር ፊቱ ይበራል፤ መሣሪያው ግን «የሆድ ሕመም» ይላል። ወዲያው ነርሷ ሶስና ማስታገሻ ትወጋዋለች፤ እሱንም እንቅልፍ ይጥለዋል።

አንድ ቀን ሶስና መርፌውን ስታዘጋጅ ስንዱ ድንገት ነገሩ ገባት። እጇን ለቀም አደረገቻት።

«ልጄ፣ ሆዱን አይደለም እኮ ያመመው! እኔን እየጠራኝ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ‹ሆዴ› ነው የሚለኝ።»

ሶስና አንገቷን ደፋች። «ይገባኛል፣ እማማ። ግን ለዚያ የጸደቀ ቃል የለም። መሣሪያው ሕመም ካለ መውጋት ግዴታዬ ነው።»

ስንዱ ለመነች፣ አለቀሰች፤ አልሆነም። ግዛው ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል አንቀላፋ።

ከዚያ ወዲያ ስንዱ ክፍሉ ውስጥ አልገባችም። ካያት ይጠራታል፤ ከጠራት ያስተኙታል። በየቀኑ ሾርባውን ለሶስና ትሰጥና፣ እንዳያያት ከበሩ ጀርባ ተቀምጣ፣ ነቅቶ ሲያስል ታዳምጣለች።