የቦዩን በር የከፈተው እጅ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነበር። ዝናቡ ዘግይቷል። ሰማዩ ነጣ ያለ፣ ነፋሱ ደረቅ፣ አቧራው በየስንጥቁ የሚገባ ነበር።

የውሃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገበሬ ነው፤ አቧራ ደግሞ አይወድም። ከእርሻ ሲመለስ አካፋውን ሳይወለውል ውሃ አይቀምስም። ሰው ቤት ሲገባ እንኳ ወንበሩን ከኪሱ በማይለየው ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ወሬንም ከአቧራ እኩል ይጠላል። በተለይ የሠሩትን ደግ ሥራ የሚያወሩ ሰዎች ያንገሸግሹታል።

በዚያ ዓመት የቦዩን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ኮምፒውተር ገባ። ፕሮግራሙን የሠራችው የገዛ ልጁ ናት። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ስሟን አላነሳም፤ ነገር ግን የኮምፒውተሩን ክፍል ሁለተኛ ቁልፍ ራሱ ያዘ።

አንደኛው ቁልፍ የውሃ በረኛው ጋ ነበር። በረኛውን አገሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል፤ ቀጭን ነው፣ ሲስቅ ከእግር እስከ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖረው ከክፍሉ በተለጠፈችው የበረኛ ቤት ውስጥ ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል።

ብዙ ሳይቆይ የቦዩ በር በገበያ ቀን፣ ማንም ሳያዘው፣ ይከፈት ጀመር። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ገበያ በመጣ ቁጥር። ሰው ከገበያ ሲመለስ የታችኛው ሰፈር የሽንኩርት ችግኝ ሥሩን ሰቅሎ በጭቃ ላይ ተንሳፍፎ ያገኘዋል።

«ሽቦ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ገበያ ቀን ገበያ ነኝ! ያላየኝ ሰው የለም።»

«ለዚህ ነዋ የምትሄደው። እንዲያዩህ።»

ሽቦ ሳቀ፤ ተንቀጠቀጠ። ሊቀመንበሩ ሳቁን እንደ እምነት ክህደት ቃል ተቀበለው፤ ያውም እንደ እምነት።

ማኅበርተኞቹ ግን ጣታቸውን ወደ ሌላ ቀሰሩ። «ኮምፒውተሩ ራሱ አብዷል። ይነቀልና ወደ እጅ መዘውራችን እንመለስ» አሉ። ይኼ የሊቀመንበሩን ጎን ወጋው። ልጁን አስጠራት።

ልጅቷ መጣች፤ ከኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች።

«ነገሩ እንዲህ ነው፣ አባባ። በኮምፒውተሩ እምብርት ከርነል የሚባል ዋና ፕሮግራም አለ። ዕቃው ሁሉ የያዘውን የሚያስረክበው ለእሱ ነው። ዲስኩ በጆንያ ያስረክባል። ኪቦርዱ ግን ፍሬ በፍሬ ነው፤ አንድ ፊደል፣ አንድ ፊደል።»

«ተቀብሎስ?»

«ያሰልፋቸዋል። ቀድማ የገባች ፊደል ቀድማ ትስተናገዳለች። የመጨረሻዋ መጨረሻ።»

«ሰልፍ ጥሩ ነው» አለ አባትየው። ከዚህ የበለጠ ሲያመሰግን ሰምታው አታውቅም።

በላይኛው ረድፍ ግራ ጫፍ ያለችውን ፊደል አሳየችው፤ እሷ በሩን ትዘጋለች። በታችኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ያለችው ትከፍታለች። በመካከል ያሉትን ፕሮግራሙ ተቀብሎ ይጥላቸዋል።

«ስክሪኑ ጨለማ ነው። ተኝቷል?»

«አልተኛም። ፊደሉ ስክሪን ላይ እንዳይወጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው እንዳይማር ብዬ። ባያሳይም ይሰማል።»

አባትየው ራሱን ነቀነቀ። እሱ የሚጠብቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የቀረው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

ልጅቷ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አንሸራተተች። «ሽቦ ግን ንጹሕ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ አቧራ ፊደሎቹ ያብረቀርቃሉ።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ።

ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው። ምሳም አልበላች። በመጨረሻ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችና፣ «ፕሮግራሜ ፊደል ተቀባይ እንጂ ፊደል ፈጣሪ አይደለም» አለች። «በሩን የከፈተችው ፊደል የገባችው በዚህ ኪቦርድ ነው። ሰው ነክቶታል።»

«ሰው!» አለ አባትየው። ሲጠብቀው የዋለው ቃል ይኼ ነበር።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አያውቅም። «ማሽኑ ጤነኛ ነው። እጅ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ሰው ከኋላ፣ «ቁልፉ ሽቦ ጋ ብቻ ነው እንዴ?» አለ።

«ሁለተኛው እኔ ጋ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

ጠያቂው አፍሮ መሬት መሬት አየ። ሌላ የጠየቀ አልነበረም።

ሽቦ በዚያን ቀን አልሳቀም። «ልጆቼን የት ላግባቸው፣ ጋሼ?» አለ።

«በሩን ስትከፍት ልታስብበት ይገባ ነበር።»

በማግስቱ አልጋው፣ ምጣዱና ልጆቹ በአንድ ጋሪ ላይ ተጫኑ። ሚስትየው የቤቱን ደጃፍ ጠርጋ፣ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሄደች። ሊቀመንበሩ ይህን ከሩቅ አየ። ጠርጋ መሄዷ ደስ አለው።

«አላሳዘኑዎትም፣ አባባ?» አለች ልጁ።

«ሌባ ነው።»

አዲስ በረኛ እስኪቀጠር ድረስ ማንንም ላለማመን፣ ክፍሉንም ራሱ ሊጠብቅ ወሰነ። የገበያ ቀን ደረሰ። ሰፈሩ ወደ ገበያ ጎረፈ፤ እሱ ቀረ። የክፍሉን በር በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ፤ ከውስጥም ቀረቀረው። ስክሪኑ ጨለማ ነበር። ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ያስገባው አቧራ ጠረጴዛውን አልብሶታል።

ሰው በሌለበት የተሠራ ደግ ሥራ አይወራምና፣ እንደ ወትሮው የገበያ ቀን ሁሉ ጨርቁን ከኪሱ አወጣ፤ ፊደሎቹንም ከላይኛው ረድፍ ግራ ጫፍ ጀምሮ እስከ ታችኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ድረስ፣ አንዷንም ሳይዘል፣ ጫን ጫን እያደረገ ወለወላቸው።