ጥንብ አንሳዎቹ ሥጋ ያልነኩበት ጠዋት

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ክንፋቸው የተሰበረ አሞራዎች የሚታከሙበት ግቢ አለ። ሰብሌ ጠዋት ጠዋት ሥጋ ይዛ ወደ ጥንብ አንሳዎቹ አጥር ትገባለች። እነሱም ገና ባልዲው ሲንኳኳ እየተጋፉ ይሻማሉ፤ የእሷን ፊት ግን አንድም ቀን ቀና ብለው አይተውት አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሥጋውን ትተው ወደ ጋጣው ዞረው ዋሉ። ማታ ላይ እዚያ የታሰረችው፣ ውሃ የምታመላልሰው በቅሎ ሞተች። ጠዋት ደህና ነበረች፤ ገብሷንም አልተወችም።

ዛሬም ሰብሌ ሥጋውን ደፋችላቸው። አንዱም አልነካውም። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ወደ እሷ ያያሉ።

"ጋሼ ዓባይነህ!" አለች። ሽማግሌው ዘበኛ ከኋላዋ፣ በሩ ላይ ቆመዋል። የሰሞኑ ሳላቸው ትዝ ሲላት፣ የሚያዩትስ እሳቸውን ይሆናል ብላ ልቧ መለስ አለ። ወዲያው በሐሳቧ አፈረች።

እሳቸውም ገብቷቸዋል። "አብሽሪ ልጄ" አሉና ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ እስከ አጥሩ ጥግ ሄዱ። አንድም አንገት አልተከተላቸውም።

ከሰብሌ ኋላ የቀረው የተከፈተው በር ብቻ ነው።

ጋሼ ዓባይነህ በሩን አየት አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከጥንብ አንሳዎቹ ሳይነቅሉ፣ "እስቲ አሁን ደግሞ አንቺ ፈቀቅ በይ" አሏት።

ሰብሌ እግሯን አላነሳችም።