ሳይቆም ያለፈው ባቡር

ሲግኔ ለምሳ ድንች እየላጠች ሳለ የጭነት ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሳህኖቹ ይንጫጫሉ፣ ፉርጎዎቹ እየተከታተሉ ወደ ምዕራብ ይነጉዳሉ። ቢላዋውን እንደያዘች ደርቃ ትቀራለች።

መቆም ነበረበት። ከግማሽ ሰዓት በፊት ትእዛዙ በቴሌግራፍ ሲገባ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። አሥራ ሦስት ዓመት ከጣቢያው ፎቅ ላይ ስትኖር፣ ከታች የሚንኳኳው ሁሉ እንደ ሰው ንግግር ይገባታል። «የጭነት ባቡሩን ያዙት። የመንገደኛው ባቡር ከምዕራብ እየመጣ ነው።» የጣቢያው ሹም ባሏ ሃልቮርም «ተቀብያለሁ» ብሎ ሲመልስ ሰምታለች።

ሐዲዱ አንድ ብቻ ነው።

ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች። ይህ ጣቢያ ከከተማው ይቀድማል። የእህል ጎተራው፣ ሱቁና ቤተ ክርስቲያኑ በሳስካችዋን ሜዳ ላይ ዙሪያውን የተኮለኮሉት እሱን ተከትለው ነው። የመጀመሪያውም የአሁኑም ሹም ሃልቮር ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ትእዛዝ ስቶ አያውቅም።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ፓራስካ ምድጃው አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣለች። የበረዶውን ወራት እንጨት ሲቆርጥ የከረመው ባሏ ዛሬ በመንገደኛው ባቡር ይመለሳል።

«ወይዘሮ ብሬኬ፣ ይምጡ ይሙቁ እንጂ!» ትላታለች ሲግኔን እየሳቀች። «ያንን ጺሙን ሳይላጭ ከመጣ ግን እዚሁ ጥዬላችሁ ነው የምሄደው። መጥረጊያ ይሆናችኋል።»

ሲግኔ ፈገግ ለማለት ትሞክራለች። ፊቷ እሺ አይላትም። ወደ ቢሮው ገብታ በሩን መለስ ታደርጋለች።

ሃልቮር ወንበሩ ላይ ደርቋል። በራሱ እጅ የጻፈው ትእዛዝ ፊት ለፊቱ ነው። በመስኮቱ በኩል ለባቡር ነጂዎች «ቁም» ወይም «እለፍ» የሚለው የምልክቱ ክንድ ይታያል፤ «እለፍ» እንዳለ ነው።

«አላዞርከውም?»

«ምድጃው ላይ ከሰል ልጨምር ተነሣሁ… ከዚያ ረሳሁት፣ ሲግኔ። በቃ፣ ረሳሁት።»

«ቀጣዩን ጣቢያ ጠይቅ እንጂ!»

ጠይቋል። መልሱ አሁን እየገባ ነው፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡታል። የመንገደኛው ባቡር ከተነሣ ሃያ ደቂቃ አልፎታል። በመካከል በረዶ ብቻ ነው። ጣቢያ የለም፣ ቤት የለም፣ ቆሞ ጨርቅ የሚያውለበልብ ሰው የለም።

ሃልቮር ካፖርቱን ሳይደርብ ይወጣል። በመስኮቱ ታየዋለች፤ እጀታውን በሁለት እጁ ይጫናል፣ ክንዱ «ቁም» ወደሚለው ይዞራል። ሲመለስ ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኗል።

«ምልክቱ እንደዚህ ነበር» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነጂው ጥሶ አለፈ። አንቺም በመስኮት አይተሻል። ከጠየቁሽ እንደሱ በይ።»

«ነጂው ማነው?»

ሃልቮር የጫማውን በረዶ ያራግፋል።

«ማነው አልኩህ፣ ሃልቮር!»

«ኦስካር።»

ኦስካር ያለፈውን እሑድ ምሳ የበላው እነሱ ጋ ነው።

ሲግኔ ወንበሩ ላይ ትቀመጥና ቴሌግራፉን ራሷ መምታት ትጀምራለች። «ሐኪምና የርዳታ ባቡር ላኩ።» ጣቷ ለአፍታ ይቆማል። ሃልቮር ክንዷን ይይዛል። ቀና ብላ አታየውም። «ምልክቱ ለማለፍ ክፍት ነበር። ጥፋቱ የጣቢያው ነው።»

እጁ ቀስ ብሎ ይለቃታል።

«ስለ ባቡሩ ነው?» ፓራስካ በሩን ከፈት አድርጋ አንገቷን ታስግጋለች። «የናንተ መንኳኳት እኔ መቼም አይገባኝ። ደረሰ አሉ?»

የሚመልስላት የለም። እሷ ግን ዝምታቸውን እንደ አዎንታ ትወስደዋለች። ጸጉሯን በመዳፏ ታስተካክላለች፣ ሻርፗን ታጠብቃለች፣ ባሏ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያያት እሷ እንድትሆን ወደ ውጭ ትወጣለች።

ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ ነጩን ሜዳ ታያለች።