የከሰዓቱ ቤንዚን

ቤንዚን በዓመት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ሲጨምር ታክሲ ነጂው አመሉን ሁሉ ለወጠ። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሽ ያወጣል። ቀይ መብራት ሲይዘው ሞተር ያጠፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ሰው ሲጠብቅም፣ ከጓደኛ ጋር ሲያወራም፣ ልጁን መኪናዋ ውስጥ ሲያስተኛም ሞተሩን እንደተነሳ ይተወው ነበር። አሁን ተሳፋሪ "ዝም አለችሳ፣ ተበላሸች እንዴ?" ሲለው፣ "ትንፋሿን እየቆጠበች ነው" ይላል።

ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ሰባት ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይበላና እስከ አሥር ይተኛል። ልጁ ከሞተ ወዲህ፣ አራት ወሩ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። የከሰዓቱን ግን እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው። ከግንቡ ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤቱ መጋዝ ጆሮ ይበጥሳል፤ እሱን አይቀሰቅሰውም። መኪናዋ ግቢ ውስጥ፣ ግንቡ ጥላ ሥር ትቆማለች። ቁልፏ በር ላይ ካለው ምስማር ይንጠለጠላል።

ቤንዚኑ የሚጎድለው በዚያ ሰዓት ነበር።

መጀመሪያ ዓይኑን ተጠራጠረ። ከዚያ በሚስቱ የጥፍር ቀለም የነዳጅ ጠቋሚው መስታወት ላይ ቀጭን መስመር አሰመረ። አሥር ሰዓት ላይ ሲያይ ቀስቷ ከመስመሩ በታች ወርዳለች። አንዳንድ ቀን ብዙ ትወርዳለች፤ አንዳንድ ቀን ንቅንቅ አትልም። ኮፈኑን ሲነካው ይሞቃል፤ ፀሐዩን ረገመ። የኋላው ወንበር ቀበቶ ታስሮ ያገኘዋል፤ ተሳፋሪዎቹን ረገመና ፈታው።

ማደያ ተሰልፎ ሳለ ከፊቱ ላለው ነጂ አወራው። ወፍራም ነው፤ ጓደኞቹ "ጋቢና" ይሉታል።

"ና፣ ሽታውንም ማስከፈል ሳይጀምሩ እናሽትት" አለ ጋቢና።

"የኔን የሚቀዳ ሰው አለ። ከገዛ ግቢዬ።"

"ቤንዚን እንደሆነ እግር የለው። ግቢህ ውስጥ ማን አለ?"

"እኔ፣ ሚስቴ፣ ጓሮ ያሉት መካኒክ።"

ጋቢና ሆዱን ይዞ ሳቀ። "መካኒክ! ድመት ጓዳህ አስገብተህ ወተቱን ማን ጠጣው ትላለህ?"

መካኒኩ ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ የጓሮዋን ክፍል ተከራይተው የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ልጁ የታመመ ቀን ጫማቸውን ሳያስሩ ሐኪም ቤት አብረውት ሮጠዋል። እጃቸው ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ የሞተር ዕቃ የሚያጥቡት በሱ ነው። ጋቢና ከሳቀበት ቀን በኋላ ግን ያ ሽታ ሌላ ሽታ ሆነበት።

ሐሙስ የስልኩን ደወል ለዘጠኝ ተኩል ሞልቶ ተኛ። ሲጠራ ባዶ እግሩን ወጣ።

መካኒኩ መኪናዋ ጎን ተንበርክከዋል። የነዳጁ ክዳን ተከፍቷል። አፉ ላይ አጋማሹ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ተሰክቷል። ጀሪካኑ እጃቸው ላይ ነው።

"ያዝኩህ! አንተ ሌባ!"

እስከዚያ ቀን አንተ ብሏቸው አያውቅም።

መካኒኩ ጀሪካኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ቀና ብለው ያዩት እሱን አልነበረም። ሚስቱን ነበር፤ የታጠፈ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"ልጄ፣ እኔ..."

"ልጄ አትበለኝ! ሰው በሐዘኑ ላይ ይሰረቃል? የምታኖረኝ ይቺ መኪና ናት። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ!"

"እሺ" አሉ። "እወጣልሃለሁ። አደራህን፣ አትቆጣ።"

"ሰርቀኸኝ አትቆጣ?"

"የዛሬውን አይደለም የምልህ" አሉና ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ገቡ።

ፍራሻቸውንና የመፍቻ ሳጥናቸውን በጋሪ ጭነው ወጡ። ሚስቱ አለቀሰች።

"ሌባ ሄደ ተብሎ ይለቀሳል?" አላት።

ብርድ ልብሱን አቅፋ ገባች። ከአራት ወር ወዲህ ብዙ አትናገርም። ፊቷ ትንሽ ፈታ የሚለው እሱ ከሰዓት ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው፤ ያን ጊዜ ብቻ።

ጀሪካኑን ሊወረውረው ሲያነሳው ከበደው። ግማሽ ድረስ ቤንዚን ነበረው። "የኔን ለኔ" ብሎ ታንኩ ውስጥ ገለበጠው።

ዓርብ ልቡ አርፎ ተኛ። ሲነሳ ቀስቷ ከምንጊዜውም በታች ወርዳለች።

ቅዳሜ መኪናዋ ድልድይ ላይ ተሳፋሪ እንደጫነች ቀጥ አለች። ተሳፋሪዋ በሩን ደርግማ ወረደች። ነጂው መሪውን እንደያዘ ነገሩን አሰላ። ሽማግሌው ግንብ ዘለው ይመለሳሉ ማለት ነው። ቁልፍ አስቀርጸዋል ማለት ነው። ቤቱ ሲገባ የክሪኩን የብረት እጀታ አወጣና አልጋው ሥር አስገባ።

ሰኞ ምሳውን በልቶ ተጋደመ። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መጋዙ ሳንቃውን ቆርጦ ሳይጨርስ ዝም አለ።

ዝምታው ቀሰቀሰው።

በዝምታው ውስጥ ሞተር ይሰማል። ከሺህ መኪና መሃል የሚለየው፣ የራሱ መኪና ሞተር። ዓይኑ ወደ ምስማሩ ሄደ፤ ቁልፉ የለም። ብረቱን መዘዘና ሮጠ።

መኪናዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የነጂው ወንበር ባዶ ነው። ኋላ ሰው አለ። ብረቱን ከፍ አድርጎ በሩን በረገደው።

ሚስቱ ናት። አጠገቧ ሰማያዊው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በቀበቶ ታስሯል፤ በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። ብረቱን አየችው፤ አልደነገጠችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቀስ" አለችው። "ገና አሁን መተኛቱ ነው።"