ሰልፍ ያስቀረው ገጽ

ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ታሪካዊውን ዜና አበሰሩ፤ የንግድ ፈቃድ ማደሻ ዌብሳይት ተከፍቷል። ከእንግዲህ ሰልፍ የለም። ሐሙስ ደግሞ ሰልፍን ላስቀረ መሥሪያ ቤት ዋንጫ የሚሸልመው ኮሚቴ ይመጣል። ለዋንጫው ማስቀመጫ መደርደሪያ ከወዲሁ አሠርተዋል።

ችግሩ፣ ገጹ ከእሳቸው ኮምፒውተር በቀር በሌላው ሁሉ ሲከፈት ይዘበራረቃል። ገጹ አናት ላይ ያለው ፎቷቸው ይለጠጥና "አመልክት" የሚለውን ቁልፍ ይሸፍነዋል።

"ፎቶውን ብናነሳው እኮ ይስተካከላል፣ ክቡር ዳይሬክተር" አለች ገጹን የሠራችው ትርሲት።

"የኔ ፎቶ ነው ያስቸገረሽ? እኔ ጋ ጥርት ብሎ አይደል የሚታየው!"

"እርስዎ ጋማ ይታያል።"

"ታዲያ ባለጉዳዮቹ እኔ ጋ መጥተው ይዩታ!"

ነገሩ በዚሁ ተፈታ። በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "ዌብሳይታችን በትክክል የሚታየው በዳይሬክተሩ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ባለጉዳዮች ቢሯቸው ድረስ በአካል ቀርባችሁ በኦንላይን እንድታመለክቱ እናሳስባለን።"

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ከዋንጫው ጋር ደረሰ። የዳይሬክተሩ ቢሮ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሰልፉ ጭራ ግን ደረጃውን ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ የውጭው በር ጋ ደርሷል።

"እናንተም ለዌብሳይቱ ናችሁ?" አላቸው ጥበቃው።

"አዎ፣ ለዌብሳይቱ ነን" አሉ ሰብሳቢው በኩራት።

"እንግዲያው ከእኚህ እናት ቀጥሎ ተራ ያዙ።"

ሰብሳቢው ዋንጫውን እንደታቀፉ ከሴትየዋ ኋላ ቆሙ።